ካውንቲው “ከፌዴራል የመጣ ነው” ሲል እውነቱን ነው ወይስ ሰበብ?

ጥያቄው የመጣው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ “ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቻችንን የሚያስጠናው ፕሮግራም እንዲቀጥል፣ ለአዛውንቶቻችን ደግሞ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲጨመር ሰብሰብ ብለን የካውንቲው ምክር ቤት፣ ካውንስሉ፣ ፊት ቀረብን። በጥሞና ሰሙን። ከዚያ ‘ከፌዴራል በመጣው ለውጥ ምክንያት ዘንድሮ ቅድሚያ የምንሰጠው ሌላ ነገር ነው’ አሉን። እኛ ፕሮፐርቲ ታክስ የምንከፍለው ለካውንቲው ነው። ኮንግረስ የሚያወጣው ህግ የካውንቲውን ኪስ ምን አገባው? ሰበብ ነው አይደል?”

እህቴ፣ በካውንቲ በጀት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሰበብ ነው። ችግሩ የቱ የቱ እንደሆነ ለይቶ የሚነግርሽ ሰው አለመኖሩ ነው። ሦስት ደቂቃ ሰጥተውሽ፣ ተናግረሽ፣ አመስግነውሽ ትወጫለሽ።

እድር ገብተሽ ካወቅሽ ነገሩ አይከብድሽም። የእድር ገንዘብ ለሰርግ አይወጣም። ሳጥኑ ሙሉ ቢሆንም፣ የጎረቤት ልጅ ልትዳር ገንዘብ ቢያጥራትም፣ ዳኛው ሳጥኑን አይከፍትም። ካውንቲም እንዲሁ ነው። አንድ ትልቅ ካዝና ያለው ይመስለናል እንጂ ያለው ብዙ ሳጥን ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ደግሞ ለምን እንደሚወጣና ለምን እንደማይወጣ ተጽፏል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ በጀት በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ግማሽ የሚሆነው ለትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ከቀረው ላይ የዕዳ ክፍያ፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ ጡረታ ሲቀነስ፣ ካውንስሉ በእውነት “ለዚህ ይሁን፣ ለዚያ ይቅር” ብሎ የሚከራከርበት ገንዘብ ከምታስቢው በጣም ያነሰ ነው። ያንቺ ፕሮግራም የሚወዳደረው እዚያች ትንሽ ቁራሽ ላይ ነው። የፌዴራል ህግ የሚነካውም እሷኑ ነው።

እንዴት ይነካታል? በጣም የተለመደው መንገድ ማቺንግ የሚሉት ነው። ኮንግረስ ለካውንቲው “አውቶቡስ ግዛ፣ እስከ 80 በመቶውን እኔ እችላለሁ፣ 20ውን አንተ ጨምር” ይለዋል። አሁን የበጀት ሹሙ ቦታ ላይ ተቀመጪና አስቢው። ለአውቶቡስ የምታወጪው አንድ ዶላር ከፌዴራል አራት ዶላር ይዞልሽ ይመጣል። ለልጆች ማስጠኛ የምታወጪው አንድ ዶላር ግን አንድ ዶላር ነው፣ በቃ። የትኛው ቅድሚያ ያገኛል? ማንም “ልጆቹ ይቅሩ” ብሎ አልወሰነም። ማባበያው የተቀመጠው ሌላ ቦታ ስለሆነ ገንዘቡ ወደዚያ አዘነበለ። ለዚህ ነው ከፌዴራል የሚመጣው ብር በጀቱ ውስጥ ትንሽ ድርሻ ይዞ እንኳ የካውንቲውን የራሱን ብር እጁን ይዞ የሚመራው።

የሳጥኑ ነገር ቀልድ እንዳይመስልሽ። በአንድ ወቅት የሠራሁበት ካውንቲ፣ ስሙ ይቆይ፣ ለአዛውንቶች ማመላለሻ በፌዴራል ግራንት፣ ማለትም ለተወሰነ ሥራ ብቻ በተሰጠ የእርዳታ ገንዘብ፣ ቫን ገዝቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቫኑ ቆሞ ስለሚውል አንድ ደግ ሰው ለወጣቶች እግር ኳስ ሰጠው። ልጆቹ ደስ አላቸው። ኦዲተሮች መጡ። የሾፌሩን የሰዓት ወረቀት፣ የነዳጁን ደረሰኝ፣ የኪሎሜትሩን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲያስተያዩ ቅዳሜዎቹ እንደ ጥርስ ክፍተት ብቅ ብቅ አሉ። ገንዘቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት “ቆሞ ስለሚውል” የሚል ቃል የሚተነፍስ አልነበረም።

ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ካውንስሉ “ከፌዴራል በመጣው ለውጥ” ሲል በዋናነት የሚያወራው ጁላይ 4 ቀን 2025 ስለተፈረመው ትልቁ የበጀት ህግ ይመስለኛል። ስለ ታክስ ቅነሳው ብዙ ተወርቷል። ካውንቲዎችን እንቅልፍ የነሳቸው ግን የፉድ ስታምፕ (የምግብ እርዳታ) እና የሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የጤና መድኅን) ክፍሉ ነው።

የፉድ ስታምፕን፣ በስሙ ስናፕን፣ እንይ። የምግቡ ገንዘብ ራሱ እስካሁን መቶ በመቶ የፌዴራል ነበር። ለማስተዳደሪያው፣ ማለትም ማመልከቻ ለሚያየው ሠራተኛ (ኬዝ ወርከር) ደመወዝ፣ ለቢሮው፣ ለኮምፒዩተሩ፣ ፌዴራል ግማሹን ይከፍል ነበር። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ግን የፌዴራሉ ድርሻ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ቀሪው 75 በስቴቱ ጫንቃ ላይ ነው። ስቴቱ ደግሞ ጫንቃው ሲከብደው ወደ ታች ማውረድ ያውቅበታል። በአሥር ስቴቶች ስናፕን የሚያስተዳድሩት ካውንቲዎች ራሳቸው ናቸው፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ሚኒሶታ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያም ከነሱ መሃል ናት። ሜሪላንድ በደንቡ ስቴቱ የሚያስተዳድርባት ነች፤ ሞንትጎመሪ ላይ ግን ማመልከቻሽን ተቀብሎ የሚያየው የካውንቲው የጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ወዲያም አልሽ ወዲህ መስኮቱ ላይ የምታገኚው ሰው የካውንቲ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው በዓይነ ህሊናሽ ሳዪልኝ። ዕድሜው 58 ነው፣ ኡበር ይነዳል፣ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በድሮው ህግ የሥራ ሰዓት አሳይ የሚለው ግዴታ አይመለከተውም ነበር። አሁን ግዴታው እስከ 64 ዓመት ወጥቷል፣ ልጁ 14 ከሞላ ወላጅም ይመለከተዋል፣ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ማሳየት አለበት። ኡበር ደግሞ እንደ ሱፐርማርኬት የደመወዝ ወረቀት አይሰጥም። እናም ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ የሳምንቱን ገቢ ስክሪን ሾት ያሳያል። ኬዝ ወርከሯ ይህንን ወደ ሰዓት መቀየር አለባት። አፑን ከፍቶ ጥሪ ሲጠብቅ የዋለበት ሰዓት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ስልክ ትደውላለች፣ አስተርጓሚ ትጠራለች፣ ቀጠሮ ትሰጣለች። ድሮ ሃያ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ፋይል ግማሽ ቀን በላ። ይህንን በሺዎች አባዢው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ህጉ አንድ ሌላ መንጠቆ አለው። ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ፣ በስቴቱ የስናፕ አሠራር ውስጥ የሚገኘው የስህተት መጠን 6 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስቴቱ የምግቡን ገንዘብም ከራሱ መክፈል ይጀምራል። እንደ ስህተቱ መጠን 5፣ 10 ወይም 15 በመቶ። ስህተት ስልሽ ማጭበርበር ማለት አይደለም። አብዛኛው የደመወዝ ቁጥር በስህተት መጻፍ፣ የቤት ኪራይ ለውጥ ሳይመዘገብ መቅረት ነው። ለሰው ከሚገባው በታች መክፈልም ይቆጠራል። እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ ያለ ካውንቲ ምን ያደርጋል? ፋይል የሚመረምር ሰው ይቀጥራል። ያንን ሰው የሚቀጥርበት ደመወዝ ያቺ የነገርኩሽ ትንሽ ቁራሽ ውስጥ ነው ያለው። የልጆችሽ አስጠኚ የሚከፈልበትም እዚያው ነው። “ቅድሚያ የምንሰጠው ሌላ ነገር ነው” ያሉሽ ነገር ስም ቢወጣለት ይኸው ነው፦ ፋይል መርማሪ።

ሜዲኬድም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ፣ በኦባማ ጊዜ በወጣው ህግ የተጨመሩት ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ አዋቂዎች በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም ትምህርት ማሳየት አለባቸው፤ ማጣራቱም በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየስድስት ወሩ ይሆናል። የወረቀቱ ሥራ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ወረቀት በዝቶ ሰው ከመድኅን ሲወጣ ደግሞ በሽታው አብሮት አይወጣም። ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌዴራል ህግ መሠረት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው መክፈል አትችልም ብለው መመለስ አይችሉም። ታዲያ ሂሳቡ የት ይሄዳል? ዞሮ ዞሮ ሆስፒታሉ፣ ስቴቱና ካውንቲው ይጓተቱበታል።

ለእኛ ሰው ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። በ1996ቱ የዌልፌር ህግ ምክንያት በዲቪ የመጣ አዋቂ ግሪን ካርድ ይዞ እንኳ ለስናፕና ለሜዲኬድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በስደተኛነት (ሪፊውጂ ሆኖ) የመጣና ጥገኝነት (አሳይለም) ያገኘ ሰው ግን ወዲያው ይገባ ነበር። የ2025ቱ ህግ ይህንን በር ዘጋው፤ ስደተኛውም ጥገኝነት ያገኘውም ግሪን ካርድ እስኪይዝ ስናፕ አያገኝም፣ ለአዋቂዎች ሜዲኬድም ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ፌዴራል በሩን ሲዘጋ ሰውየው አይተንም፤ ካውንቲው ውስጥ ነው የሚኖረው። ሞንትጎመሪ ኬርስ የሚባለውን የክሊኒኮች ፕሮግራም ሰምተሽ ይሆናል፤ መድኅን ለሌላቸው አዋቂዎች የሚያገለግል፣ ካውንቲው ከኪሱ የሚደጉመው ነው። ከማኅበረሰባችን ብዙ ሰው ደም ግፊቱን የሚለካው እዚያ ነው። ያ ፕሮግራም የመኖሩ አንዱ ምክንያት የፌዴራል ህግ የሚተወው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ወጪው ይሰፋል። የካውንስል አባል ብትሆኚ አንቺም የመጀመሪያውን ዶላር ወደዚያ ትልኪያለሽ፣ እኔም።

የማስጠኛው ፕሮግራምሽ ለምን አሁን አደጋ ላይ ወደቀ? እዚህ የምገምተው ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ የተጀመረው በኮቪድ ጊዜ ከሆነ ማለቴ ነው። በማርች 2021 የወጣው የማገገሚያ ህግ ለአገሪቱ ካውንቲዎች 65.1 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ ሰጠ። ጥቂት ሰው ብቻ ያላት ገጠር ካውንቲ ሳትቀር ደረሳት። ሞንትጎመሪ ወደ 204 ሚሊዮን አገኘ። ገንዘቡ ላይ ቀን ተጽፎበት ነበር፦ እስከ 2024 መጨረሻ በውል መያዝ፣ እስከ 2026 መጨረሻ ወጥቶ ማለቅ። እኛ በጀት ላይ ያለነው ያኔውኑ “በአንድ ጊዜ ገንዘብ የሁልጊዜ ሥራ አትጀምሩ” ስንል ነበር። ሰሚ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ብዙ አልጮህንም። ልጆቹ ከረጅም የትምህርት ቤት መዘጋት ወጥተው ሳለ ማን ይከለክላል? አሁን ቀኑ ደረሰ። ይህንን “ፌዴራል ቆረጠብን” ብሎ ማቅረብ ግን ሰበብ ነው። ማለቂያው ቀን ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር።

ሌላም ሰበብ የሚመስል እውነት አለ። ፌዴራል ሳይከፍል የሚያዝዛቸው ነገሮች ማለቴ ነው። ቤት ካለሽ በጁላይ የሚመጣውን የፕሮፐርቲ ታክስ ቢልሽን አውጪና ተመልከቺ። መሃል ላይ “ዋተር ኳሊቲ ፕሮቴክሽን ቻርጅ” የሚል መስመር አለ። ከቤትሽ ጣሪያና ከመኪና ማቆሚያሽ አስፋልት ላይ ለሚወርደው የዝናብ ውሃ የምትከፍዪው ነው። ሥሩ በ1972 የወጣው የንጹህ ውሃ ህግ ነው። ትልልቅ ካውንቲዎች የጎርፍ ቦያቸው ወደ ወንዝ ቆሻሻ እንዳያስገባ ፈቃድ ማውጣትና ያንን ፈቃድ ማክበር አለባቸው፣ ካላከበሩ ይቀጣሉ። ይህ ካውንስሉ ፊት ቆመሽ “ይቅርብን” የምትይው ነገር አይደለም። እስር ቤቱም ላይ ተመሳሳይ ጣጣ አለ፤ ሜዲኬድ በ1965 ሲቋቋም ጀምሮ እስር ላይ ያለን ሰው ህክምና በአብዛኛው አይሸፍንም፣ ፍርድ ያልተሰጠበት ቢሆንም። እስር ቤት የሚያስተዳድረው ደግሞ በአብዛኛው ካውንቲ ነው። የኢንሱሊኑን፣ የአእምሮ ሐኪሙን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ገባሽ። በ1995 ኮንግረስ ራሱን “ሳልከፍል አላዝዝም” የሚያሰኝ ህግ አውጥቶ ነበር። ስታነቢው ግን በዋናነት የሚለው “ከማዘዜ በፊት ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስልቼ እነግራችኋለሁ” ነው።

ፌዴራል ግን ሁሉን ማዘዝ አይችልም። በ1990ዎቹ ኮንግረስ የጦር መሣሪያ ገዢዎችን ማንነት የአካባቢው ፖሊስ እንዲያጣራ በህግ አዘዘ። ራቫሊ ካውንቲ፣ ሞንታና ያለ ጄይ ፕሪንትዝ የሚባል ሸሪፍ “እኔ የናንተ ሠራተኛ አይደለሁም” ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በ5 ለ 4 ድምፅ ፈረደለት። የፌዴራል መንግሥት የስቴትና የካውንቲ ሹሞችን አስገድዶ የራሱን ፕሮግራም ማስፈጸም አይችልም ተባለ። ዛሬ ካውንቲዎች ከኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር መተባበር አለብን የለብንም እያሉ ሲከራከሩ የሚመዝዙት ይህንኑ ፍርድ ነው። ስለዚህ ኮንግረስ ጅራፉን ትቶ ገንዘቡን ይጠቀማል። ማዘዝ ካልቻለ ይገዛል።

አሁን የአስተርጓሚው ጥያቄሽ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የምርጫ መብት ህግ አንቀጽ 203 የሚባል አለው። በአንድ አካባቢ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ ለመምረጥ የደረሱ ዜጎች ከ10 ሺህ ካለፉ ወይም ከመራጩ ሕዝብ 5 በመቶ ካለፉ፣ የምርጫ ወረቀቱ በቋንቋቸው መቅረብ አለበት። ሞንትጎመሪ በስፓኒሽ ያቀርባል፤ ፌርፋክስ በስፓኒሽና በቬትናምኛ። “እኛስ ስንት ነን፣ እንቆጠር” ትይኛለሽ። ብንቆጠርም አይገባልንም። ህጉ የሚሸፍነው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ ነባር አሜሪካውያንንና የአላስካ ተወላጆችን ብቻ ነው። አፍሪካዊ ቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሃምሳ ሺህ ብንሆንም፣ መቶ ሺህ ብንሆንም የለም። ዲሲ ውስጥ አማርኛ በየመንግሥት ቢሮው የምታዪው በፌዴራል ህግ አይደለም፤ ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ህግ ስላወጣች ነው። ስለዚህ አስተርጓሚን በተመለከተ ካውንስሉ “ፌዴራል” ብሎ ከመለሰልሽ አትቀበዪው። ፌዴራል ባያዝዝም አልከለከለም። ካውንቲው ከፈለገ ያደርገዋል። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ አንቀጽ 6 ስርም የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በትውልድ አገር ሰውን እንዳያገልል ግዴታ አለበት፤ ክሊኒክ ሄዳ በቋንቋ ምክንያት የምትመለስ እናት ካለች ያ መሣሪያ አሁንም በእጃችሁ ነው።

ስለ ደመወዝም አንድ ቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲዎች ከኢንካም ታክስም ይሰበስባሉ፣ ሞንትጎመሪ በ2025 3.2 በመቶ። ቤተስዳ ያለው የፌዴራል የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች፣ ዋይት ኦክ ያለው የፌዴራል የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እዚሁ ካውንቲ ናቸው። እነዚያ ቢሮዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ ወይም በ2025 መኸር ላይ እንደሆነው መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋ ማንም ለካውንቲው ደብዳቤ አይጽፍለትም። ገቢው ይሳሳል፣ የምግብ እርዳታ ሰልፉ ይረዝማል፣ ሁለቱም በአንድ ወር።

እና ምን ታደርጊያለሽ? የሄዳችሁበት ጊዜ ዘግይቶ ይመስለኛል። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ በጀቱን የሚያቀርበው በማርች 15 ነው፣ ካውንስሉ የሚያጸድቀው እስከ ጁን 1። ሜይ ላይ መናገር ወጥ ከወጣ በኋላ ጨው እንደመጠየቅ ነው። በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪ ሂዱ። ስትሄዱም “ፕሮግራሙ ጥሩ ነው” አትበሉ፤ ያንን ሁሉም ይላል። “ባለፈው ዓመት የተከፈለው ከየትኛው ፈንድ ነበር? ከግራንት ከሆነ የየትኛው፣ ማብቂያው ቀን መቼ ነው? ከጄኔራል ፈንድ (ከካውንቲው ከራሱ ገንዘብ) ከሆነስ ምን ተተካበት?” በሉ። እነዚህን ጠይቆ የሚመጣ ሰው እኛ ክፍል ውስጥ ስሙ ይያዛል። እመኚኝ።

ሁለተኛ፣ ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ብሎክ ግራንት የሚባል ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ገንዘብ አለ። ሞንትጎመሪን የመሰሉ ትልልቅ ካውንቲዎች በየዓመቱ በቀጥታ ያገኙታል። ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው መዋል አለበት። እንደ ማስጠናት ላሉ አገልግሎቶች ግን በመደበኛው ደንብ ከ15 በመቶ በላይ መዋል አይችልም፤ ስለዚህ ግፊያው ብዙ ነው። ጥሩው ነገር፣ ካውንቲው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕዝብ መስማት አለበት፣ የፌዴራል ደንብ ነው። እነዚያ ስብሰባዎች ላይ የሚገኘው ሰው በጣት ይቆጠራል። እኔ ራሴ ከሠራተኛው ሌላ አራት ሰው ብቻ ያለበት ሂሪንግ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ከአራቱ አንዱ አዳራሹን ተሳስቶ ነበር የገባው።

ያጸደቁትን በጀት ሰነድ ከድረ ገጻቸው አውርጂና የማስጠኛ ፕሮግራሙን ስም ፈልጊ። አጠገቡ ፈንዱ ተጽፏል። ካልገባሽ ገጹን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናነበዋለን።